በማስመሪያ የተሰመረ እጅ

ቁመቱም ወርዱም 183 ሴንቲሜትር የሆነ ሸራ አለ እንበል። በአራቱም ጠርዝ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ሲተው የሚሰመርበት ቦታ 180 በ180 ይሆናል። ቋሚዎቹ በ3 ሴንቲሜትር፣ አግድሞቹ በ1.5 ሴንቲሜትር ርቀት ቢሰመሩ 61 ቋሚና 121 አግድም፣ በድምሩ 182 መስመር ይወጣል። አንዱ መስመር 1 ሜትር ከ80 ነውና እርሳሱ ሸራው ላይ ወደ 328 ሜትር ይጓዛል። ማስመሪያው የ60 ሴንቲሜትር ከሆነ እያንዳንዱ መስመር በሦስት ቅጥል ይሠራል፤ እጅ 546 ጊዜ ተነሥቶ ያርፋል ማለት ነው። በመጨረሻ 7,200 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይገኛሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተለፍቶባቸዋል፤ ሁለቱ እንኳ ፍጹም አንድ አይሆኑም።

ይህን ልክ የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ስድስት ጫማ በስድስት ጫማ፣ በእርሳስ በተሰመሩ መረቦቿ የምትታወቀው ሠዓሊ አግነስ ማርቲን ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሙጥኝ ያለችው መጠን ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማርቲን በ1912 ካናዳ፣ ሳስካቼዋን ተወለደች። በ1957 ኒው ዮርክ ወደብ አጠገብ ባለችው ኮኤንቲስ ስሊፕ በምትባል አጭር መንገድ ላይ መኖርና መሥራት ጀመረች፤ ሸማኔዋ ሌኖር ቶኒ ጎረቤቷ ነበረች። በ1967 ሥዕል አቁማ ከተማዋን ለቀቀችና ኒው ሜክሲኮ በረሃ ገባች። እንደገና ብሩሽ ያነሣችው በ1974 ነው። በ1990ዎቹ ሸራዋን ወደ አምስት ጫማ፣ ማለትም ወደ 152 ሴንቲሜትር ዝቅ አደረገችው፤ ምክንያቱ ፍልስፍና ሳይሆን ዕድሜ ነው፤ ራሷ አንሥታ ማዞር የምትችለው ያንን ነበር። በ2004 ታኦስ ውስጥ አረፈች።

በ1966 ጉገንሃይም ሙዚየም «ሲስተሚክ ፔይንቲንግ» በሚል ባቀረበው ዐውደ ርእይ ከሚኒማሊስቶቹ (ሥዕልን ወደ ጥቂት ቅርጽ አሳንሰው የሠሪውን ስሜት ከሚያርቁት) ጋር ተሰልፋለች፤ እሷ ግን ራሷን የምትቆጥረው ከአብስትራክት ኤክስፕረሽኒስቶች (ስሜትን በረቂቅ ሥዕል ከሚገልጹት) ወገን ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሠዓሊ ግትርነት ያልፈዋል። እኔ ግን እንደ ሥራ መመሪያ ነው የማነበው፤ መስመሩን የሚያሰምረው ማን እንደሆነ ትናገራለችና።

ብራና የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይቀለዋል። ቁም ጸሐፊ ገጹን ከመጻፉ በፊት በወስፌ ዳር ዳሩን ይወጋል፤ ከዚያ ቀዳዳ ከቀዳዳ እያገናኘ ቀለም በሌለው ደነዝ ጫፍ ያሰምራል። መስመሩ ፊደል እንዲያርፍበት ብቻ የተበጀ፣ ለታይታ ያልታሰበ ነው። ጸሐፊው ከፊቱ ያለውን ቅጂ እንዳለ ለመገልበጥ ይጥራል እንጂ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት አይጽፍም። ሆኖም መጽሐፉን የሚገልጥ ዐዋቂ የሚጠይቀው «የማን እጅ ነው?» ብሎ ነው። እጁ የታወቀው ሊያሳየው ስለፈለገ ሳይሆን፣ ሊደብቀው እየጣረ ሺህ ጊዜ ስለደገመው ነው። የማርቲንም መስመር ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም።

ማስመሪያ እያለ እጅ በምን ይታያል? መጀመሪያ በጨርቁ። የሸራ ድርና ማግ ከጄሶ (ሸራው ከመሠራቱ በፊት ከሚቀባው ነጭ መደብ) ሥር ሆኖ እንኳ ትንንሽ ጉብታና ጎድጓዳ አለው። እርሳስ ጉብታው ላይ ይጠቁራል፣ ጎድጓዳው ላይ ይዘላል። ስለዚህ ከ20 ሴንቲሜትር ርቀት ሲታይ መስመሩ መስመር አይደለም፤ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ነው። ሁለተኛው ጭነት ነው። እጅ መጎተት ሲጀምር ይጫናል፣ መካከል ላይ ይለቃል፣ ማስመሪያው ሊያልቅ ሲል ይጠነቀቃል። በየ60 ሴንቲሜትሩ ይህ ትንፋሽ ይደገማል። ሦስተኛው የሸራው መላላት ነው፤ ከበሮ የመሰለ ሸራ እንኳ መካከሉ ላይ ሲጫኑት ይሰምጣል። ረጅም ማስመሪያ ጫፍና ጫፉ የእንጨቱ ፍሬም ላይ ቆሞ መካከሉ አየር ላይ ይቀራል፤ እርሳሱ ጨርቁን ሲገፋ ጨርቁ ከማስመሪያው ይሸሻል፣ መስመሩም ይጎብጣል። ማርቲን አጭር ማስመሪያን በተወጠረ ሲባጎ ላይ እያስጠጋች መሥራቷ የመጣው ከዚህ ነው። ቅጥሉ በበዛ ቁጥር ግን እጅ የሚያርፍበት ቦታ ይበዛል። የጎበጠ መስመር ለማስቀረት የተወሰደው ርምጃ ራሱ የእጁን ዱካ አበዛው።

አሁን ወደ አሠራሩ።

ሸራው ከ340 እስከ 400 ግራም በካሬ ሜትር የሚመዝን ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። አቡጀዲም ይሠራል፤ ሆኖም ስስ ስለሆነ ይሰምጣል፣ ለዚህ ሥራ መጠን ከአንድ ሜትር በላይ ባይሆን ይሻላል። ፍሬሙ መካከሉ ላይ መስቀል የሆነ ደጋፊ እንጨት ያስፈልገዋል፤ የእንጨቶቹ የውስጥ ጠርዝም መላግ አለበት፤ አለበለዚያ እርሳሱ እዚያ ላይ ሲደርስ ከሥር ጠንካራ ነገር ያገኝና ጠቆር ያለ ጥላ ይተዋል። ይህ ጥላ አንዴ ከወጣ አይጠፋም። ከተወጠረ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ነው፤ ለ183 ካሬ ሰያፉ 258.8 ሴንቲሜትር መምጣት አለበት። ሁለቱ ሰያፎች ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ማዕዘኑን በሽብልቅ ማስተካከል የሚቻለው አሁን ነው፣ ጄሶ ከተቀባ በኋላ ጊዜው ያልፋል።

ስለ ጄሶ አንድ ማስጠንቀቂያ። የግንባታ ዕቃ መደብር ገብታችሁ «ጀሶ» ብትሉ የሚሰጧችሁ ግድግዳ የሚለሰንበትን ዱቄት ነው። እሱ በጨርቅ ላይ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይደድራል፣ ሸራው ሲተነፍስ ይሰነጠቃል። የሠዓሊ ጄሶ የሚባለው አክሪሊክ ማጣበቂያ፣ ነጭ ቀለምና የጠመኔ ዓይነት ዱቄት የተዋሐደበት፣ ከደረቀም በኋላ የሚታጠፍ ነው። ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ በቁም፣ ቀጣዩ በአግድም። ከመጀመሪያው በቀር አሥር በመቶ ያህል ውሃ ቢገባበት የብሩሹ ፈር ይቀንሳል። በየቅቡ መካከል ሁለት ሰዓት፣ ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደር።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፤ በ220 ቁጥር ተጀምሮ በ320 ይጨረሳል። ሥዕሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ከታሸ ገጹ ይለሰልስና እርሳስ ይንሸራተታል፤ መስመሩ ጥቁረት የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ ብርማ ይሆናል። ጥቂት ከታሸ ደግሞ ሻካራው እርሳሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ 60 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ጫፉ ይደንዛል። የሚፈለገው ጥርስ ያለው ግን የማይነክስ ገጽ ነው። ሸራው ላይ ከመሞከር በፊት ተራፊ ጨርቅ ላይ እኩል ጄሶ ቀብታችሁ፣ እኩል አሽታችሁ፣ አሥር መስመር ሞክሩ። ያ ቁራጭ እስከ ሥራው መጨረሻ አጠገባችሁ ይቆይ፤ እርሳስ በቀየራችሁ ቁጥር ትመለሱበታላችሁ።

ልኬት ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት እያንዳንዱን ርቀት ካለፈው መስመር መነሣት ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት 120 ጊዜ ሲደመር 6 ሴንቲሜትር ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ወይ ያጥራል ወይ ይወፍራል። ሁሉም ምልክት ከአንድ ዜሮ መነሣት አለበት። ሜትሩን አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ 1.5፣ 3፣ 4.5 እያላችሁ እስከ 180 ሳታነሡት ምልክት አድርጉ። ከዚያም የተሻለው፣ አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ምልክቶቹን ሁሉ አንዴ አሥፍሮ ያንኑ ጣውላ ለግራም ለቀኝም ጠርዝ መጠቀም ነው፤ ስሕተት ቢኖር እንኳ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይሆናል፣ መስመሩም ሰያፍ አይሆንም። ምልክቱ የሚደረገው የሸራው መታጠፊያ ላይ፣ ከፊት በማይታይበት ነው። ማርቲን ራሷ መጀመሪያ በአእምሮዋ የምታየው ምስል የቴምብር ያህል ትንሽ እንደነበረና ወደ ስድስት ጫማ ለማሳደግ ወረቀት ሙሉ ሒሳብ ትሠራ እንደነበር ተናግራለች። ማባዛቱ ላይ ቸኩሎ የሚሳሳት ሰው ሸራው ላይ ሊያርመው አይችልም።

የአራት ማዕዘኖቹ ቅርጽም ሒሳብ ነው። ሸራዋ ካሬ ነው፤ በውስጡ የሚሰመሩት ግን ካሬ አይደሉም፣ ወርዳቸውና ቁመታቸው የሚለያይ ናቸው። ሆን ብላ ነው፤ ካሬው ክብደት አለው፣ በውስጡ ያለው ረዘም ያለ ቅርጽ ያንን ክብደት ያቀለዋል ትል ነበር። በካሬ ውስጥ ካሬ ብትደረድሩ የሒሳብ ደብተር ታገኛላችሁ። ከላይ ያለውን 3 በ1.5 የወሰድኩት ለዚህ ነው።

እርሳስ። ለስላሶቹ፣ ከ2ቢ ወዲያ ያሉት፣ ዱቄት ይተዋሉ፤ እጅጌ ሲነካቸው ሸራው ይቆሽሻል። በጣም ጠንካሮቹ፣ 4ኤች እና በላይ፣ ጄሶውን ይፈለፍላሉ፤ መስመሩ ቀለም ሳይሆን ቦይ ይሆናል። ኤችቢ፣ ኤፍ እና 2ኤች መካከል ሰፊ ቦታ አለ። እርሳሱ እየተገፋ ሳይሆን እየተጎተተ፣ በጣቶች መካከል ቀስ እያለ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ ካልተሽከረከረ ጫፉ በአንድ ጎን ይበላና መስመሩ እየወፈረ ይመጣል። አንዳንዱ በየመስመሩ ይቀርጻል። አሥር እርሳስ እኩል ቀርጾ በየተራ መጠቀም ከዚያ የተሻለ ነው፤ ሁሉም እኩል ያረጃሉ፣ በአንድ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ዝላይ አይኖርም።

ማስመሪያው አሉሚንየም ከሆነ ተዉት። ጄሶ ሻካራ ነው፣ አሉሚንየምን እየፋቀ ግራጫ ጭረት ይስላል፤ ሰው ይህን እርሳስ ያቆሸሸው እየመሰለው ቀኑን ሙሉ እጁን ይታጠባል። እንጨት ወይም ጠርዙ ደኅና የሆነ ፕላስቲክ ይሻላል። ከሥሩ የወረቀት ፕላስተር ደራርባችሁ ከሸራው ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ያለፈውን መስመር አያሻሸውም። በየአሥር መስመሩ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እዚያ የሚጠራቀመው የእርሳስ ዱቄት ከመስመሩ ጎን ጭጋግ የመሰለ ጥላ ይፈጥራል። ላጲስስ? ላጲስ ገጹን ያለሰልሳል። የተፋቀው ቦታ ላይ እንደገና የተሰመረ መስመር ከጎረቤቶቹ ያብለጨልጫል፣ ስሕተቱን ከመሸፈን ይልቅ ይጠቁማል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መተው፣ ወይ ሙሉውን እንደገና ጄሶ መቀባት። ማርቲን ሦስተኛ ምርጫ ነበራት፤ ያልረካችበትን ሸራ በስለት ትቀደው ነበር። ከምታስቀምጠው ይልቅ የምታጠፋው በርካታ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ድካም የሚባለው ነገርም ልኬት አለው። አንዱ ቅጥል አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 546 ቅጥል ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ነው፤ በአንድ ቀን አይሠራም፣ ቢሠራም የስምንተኛው ሰዓት እጅ የመጀመሪያው ሰዓት እጅ አይደለም። ሥራ ሲቆም በመስመር መካከል አይቆምም። በማግሥቱ ሲጀመርም አዲስ በተቀረጸ እርሳስ አይጀመርም፤ ትናንት የደነዘው ዛሬ ካልተጀመረበት ሸራው ላይ ጥቁር ቀበቶ ይወጣል። ይህን ለማምለጥ መስመሮቹን አዘበራርቆ የሚያሰምር አለ፤ መጀመሪያ በየስምንተኛው፣ ቀጥሎ መካከላቸውን፣ እንደገና መካከላቸውን፣ እስኪሞላ ድረስ። ድካሙ በሸራው ሁሉ ስለሚበተን ገጹ እኩል ይሆናል። ብልሃቱ ይሠራል። እኔ ግን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል የተሰመረውን አስበልጣለሁ፤ ጊዜው ይነበብበታል፣ እጁ የት እንደሰላ፣ የት እንደዛለ ይከተሉታል። የአየሩ ጠባይ ሳይለወጥ መጨረስም ጥሩ ነው፤ በክረምት እርጥበት የተጀመረ ሸራ በደረቅ ወር ውጥረቱ ይለወጣል፣ ያኔ የተለካው አሁን ከተለካው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ከዚህ በኋላ ቀለም የሚገባ ከሆነ፣ በማርቲን ከ1974 ወዲህ ባሉት ሥራዎች እንደሚታየው ሰፋፊ አግድም ሰንበር በጣም በቀጠነ ሮዝ፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ ሸራው በጎኑ ይዞራል። አግድሙ ቋሚ ይሆናል፤ የሚንጠባጠበው ቀለም የራሱን ሰንበር ይዞ ይወርዳል፣ ጎረቤቱን አያበላሽም። ለአንድ እጅ ፈሳሽ አክሪሊክ ሁለት እጅ የአክሪሊክ ማቅጠኛ ሚዲየምና ስምንት እጅ ያህል ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ብቻ ከሆነ ማጣበቂያው ይሳሳና ሲደርቅ እንደ አቧራ ይሆናል። የሸራው ግማሽ በቀለም ከተሸፈነ ሩብ ሊትር ያህል በአንድ ዕቃ መበጥበጥ ነው፤ መካከል ላይ ካለቀ ሁለተኛው ብጥብጥ ያንኑ ቀለም አይሰጥም፣ የትኛውም ሠዓሊ ቢሆን። ብሩሹ ሳይቆም ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ እርጥቡ ጠርዝ ከደረቀ በኋላ የተነካ ቦታ ሁለተኛ ቅብ ሆኖ ይታያል። ቀለሙ ወደ እርሳሱ መስመር ሲደርስ አንዳንዴ አንድ ሚሊሜትር ያልፈዋል፣ አንዳንዴ አንድ ሚሊሜትር ይቀርለታል። ያለፈው ቦታ መስመሩን ያደበዝዛል፣ የቀረው ቦታ ነጭ ክር ይተዋል። ይህ ከባዱ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ፕላስተር ለጥፎ ይገላገለዋል። ፕላስተር ግን ጠርዙ ላይ ክምር ይተዋል፣ ሲነሣም እርሳሱን ይዞ ይነሣል። ከሁሉ በላይ ዐይን ማንም ሰው እዚያ እንዳልነበረ ወዲያው ያውቃል።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ፍራንክ ስቴላ በ1958 እና በ1960 መካከል ጥቁር ሥዕሎቹን ሲሠራ ፕላስተር አልተጠቀመም። የቤት ቀለም ቀቢ ብሩሽና ተራ የንግድ ኢናሜል ይዞ ያልተዘጋጀ ሸራ ላይ ወደ 6 ሴንቲሜትር ተኩል የሚሰፋ ጥቁር ሰንበር ደረደረ፤ በመካከላቸው የቀረችው ቀጭን መስመር ያልተቀባው ጨርቅ ራሱ ነው። ኢናሜሉ ወደ ጨርቁ ስለሚሰርግ ያቺ ክር የትም ቦታ ላይ ቀጥ አትልም። በፎቶ ግን ሥዕሉ በማሽን የተሠራ ይመስላል፤ «ቀዝቃዛ» የሚለው ስም የወጣለት ፎቶውን ባዩ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም።

ብሩሽ ከእርሳስ የሚለየው ቀለሙ ስለሚያልቅ ነው። እርሳስ ይደንዛል፣ ብሩሽ ግን ይጠማል። ሮበርት ራይማን፣ ከ1953 እስከ 1960 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ጥበቃ ሆኖ የሠራው ሰው፣ በ1965 እና በ1966 «ዊንዘር» በሚል በቀለሙ ፋብሪካ ስም በሰየማቸው ሥራዎች ላይ ነጭ ዘይት ቀለም ነክሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ቀለሙ ሲያልቅ ያቆማል፣ ይነክራል፣ ከቆመበት ይቀጥላል። የሸራው ገጽ የንክሪ ብዛት መዝገብ ነው። ኮሪያ ተወልዶ ጃፓን የኖረው ሊ ኡፋን በ1970ዎቹ ያንኑ ነገር በማዕድን ዱቄትና በሙጫ ሠራው፤ መጀመሪያ የጠቆረው ነጥብ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየሳሳ እስኪጠፋ። ስዊዙ ኒዬል ቶሮኒ ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 50 ቁጥር ብሩሽ ገጽ ላይ እያሳረፈ ያነሣል፣ በየ30 ሴንቲሜትሩ፤ ሌላ አልሠራም። እዚህ ስሕተቱ ቀለም ማብዛት ነው። ብሩሹ ከጠገበ ዳሩ ላይ ይጎርፋል፣ ዐሻራው ቅርጹን ያጣል፤ ከተራበ ደግሞ መሐሉ ባዶ ይቀራል። በመካከል ያለው ጠባብ ክልል ውስጥ ግን የእያንዳንዱ ዐሻራ ፊት ይለያል።

ድግግሞሽን እስከ ጥግ የወሰደው ፖላንዳዊው ሠዓሊ ሮማን ኦፓልካ ነው። በ1965 ዋርሶ ውስጥ 196 በ135 ሴንቲሜትር ጥቁር ሸራ ግራ ላዕላይ ጥግ ላይ በዜሮ ቁጥር ብሩሽ 1 ብሎ በነጭ ጻፈ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3። የመጀመሪያው ሸራ ያለቀው 35,327 ላይ ነው። ከ1972 ጀምሮ በየአዲሱ ሸራ መደብ ላይ አንድ በመቶ ነጭ ጨመረ፤ መደቡ ከግራጫ ወደ ነጭ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ በነጭ ላይ ነጭ ይጽፍ ነበር። በ2011 ሲያርፍ የደረሰው 5,607,249 ነበር። ስለ እጅ የሚማረውን ሰው እዚህ የሚጠቅመው ቁጥሩ ሳይሆን ድምቀቱ ነው። ብሩሹ ሲነከር ነጩ ያበራል፣ ሲጎድል ይደበዝዛል። ከሩቅ ሸራው ላይ ያለው ማዕበል ይህ ነው። ማንም አላቀደውም። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ስለሚሄዱ የትኛው ድብዛዜ ከየትኛው በፊት እንደመጣ ይታወቃል። ማሽን ቁጥሮቹን ሊያትም ይችላል፣ ይህን ግን ያጣዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው «እጅ ከታየ አይቀር ትንሽ ላንቀጥቅጠው» ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ በእኔ ዐይን በዚህ መስክ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ በየዐውደ ርእዩም ይታያል። ሆን ተብሎ የተንቀጠቀጠ መስመር የሚንቀጠቀጠው በአንድ ዓይነት ምት ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ዐይን ምቱን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ጌጥ ነው። እውነተኛው መዛነፍ ምክንያት አለው፤ የጨርቁ ቋጠሮ፣ የማስመሪያው ቅጥል፣ የደነዘ ጫፍ፣ የላላ ጥግ። ምክንያቱ ስለሚለያይ መዛነፉም ይለያያል። ስለዚህ ልፋቱ ሁሌ ወደ ቀጥታው ነው። ቀጥ ለማድረግ ያልተጣረበት መስመር ላይ የሚታይ እጅ የለም፤ የሚታየው ቸልታ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት አለ። የግድግዳ ሥዕሎቹን በመመሪያ ይጽፍ ነበር፣ ሌሎች ያሰምሩታል። እጁ የለም ይባላል። እጅ ግን አለ፣ የአስማሪዎቹ ነው፤ ለዊትም አንዱ አስማሪ ከሌላው እንደሚለይ ቆጥሮ ነው መመሪያውን የጻፈው። እጅ በእውነት የጠፋበትን ለማየት ወደ ማርቲን ወደ ራሷ መመለስ ይሻላል። በ1973 ያወጣችው «ጠራ ባለ ቀን» የሚል፣ ቀለም በሐር ወንፊት እያለፈ የሚታተም 30 ኅትመት አለ። መስመሮቹ የሰሉ ናቸው፣ ጭነት የለም፣ ዝላይ የለም። ያንኑ ዓይነት መረብ በ1964 ከሠራችው «ዛፉ» ከተባለው የእርሳስና የዘይት ሥራ ጎን ቢቀመጥ፣ ዓይነቱ አንድ ሆኖ ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚለይ ያለ ማብራሪያ ይታያል።

ስለ ማየት። ካሻ ሊንቪል የምትባል ሃያሲ በ1971 የማርቲን ሸራዎች በርቀት እንደሚለወጡ ጽፋለች፤ ሮዛሊንድ ክራውስም በኋላ አስፋፍታዋለች። በቅርብ ጨርቅና እርሳስ ነው። ጥቂት እርምጃ ሲሸሹ መስመሮቹ ይጠፉና ጭጋግ ይሆናል። የክፍሉ ጥግ ሲደርሱ ጭጋጉ ይጠነክርና ድንጋይ የመሰለ፣ የማያሳልፍ ገጽ ይቀራል። መካከለኛውን ጭጋግ የሚፈጥረው የመስመሮቹ እኩል አለመሆን ነው። በኮምፒውተር የታተመ መረብ ላይ ይህ አይመጣም፤ ከሩቅ እኩል ግራጫ ይሆናል፣ በቃ። ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። የስክሪኑ ነጥቦችና የሥዕሉ መስመሮች ሲጋጩ ሥዕሉ ላይ የሌለ ክብ ክብ ሞገድ ይወጣል፤ ምስሉን ባሳነሳችሁና ባሳደጋችሁ ቁጥር ሞገዱ ቦታ ይቀይራል። በስልክ አይተው «ባዶ ነው» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ያዩት ባዶ ነበር። የራሳችሁን ሥራ ፎቶ ስታነሡ መላውን ሸራ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ 20 በ20 ሴንቲሜትር የምታህል ቁራጭ በቅርብ አንሡና ሁለቱን አብራችሁ አውጡ።

ብርሃኑም ከፊት ለፊት ከሆነ ግማሹ ይጠፋል። እርሳስ ያብለጨልጫል፣ ጄሶ አያብለጨልጭም። ስለዚህ ሸራው በጎኑ ካለ መስኮት ብርሃን ሲያገኝ፣ ተመልካቹም አንድ እርምጃ ወደ ዳር ሲል፣ ጥቁር የነበሩት መስመሮች አንዳፍታ ብርማ ይሆኑና ከመደቡ ይነጥራሉ፤ ሌላ እርምጃ ሲጨምር ተመልሰው ይጠቁራሉ። በብዙ ጭነት የተሰመሩት ቀድመው ያበራሉ። የዛለው እጅ የሠራቸው ዘግይተው ይከተላሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አያበሩም።